ለሽያጭ ስለቀረበ ሮልስ ሮይስ ኮርኒሽ፦ የአንባቢያን ጥያቄ እና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በብሪታንያ የሚኖሩ አምስት አንባቢዎች የላኳቸው ስለ አንድ መኪና የሚጠይቁ ናቸው፤ እርሱም ጣሪያው የሚከፈተው ሮልስ ሮይስ ኮርኒሽ ነው። አራቱ ሊገዙ፣ አንዷ ደግሞ ሊሸጡ አስበዋል። ጥያቄዎቹ የሚደጋገፉ ስለሆኑ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ1974 የተሠራ፣ ጣሪያው የሚከፈት ኮርኒሽ ለሽያጭ ቀርቦ አይቻለሁ። ማስታወቂያው መኪናው የተጓዘው 41,000 ማይል ብቻ መሆኑን፣ የሞተሩ ድምፅ እንደማይሰማ፣ የመቀመጫዎቹ ቆዳ የመጀመሪያው እንደሆነ፣ እንዲሁም ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ሙቀት ባለው ጋራዥ ውስጥ ሳይነዳ መቆየቱን ይገልጻል። የተጠየቀው ዋጋ 48,000 ፓውንድ ነው። ለማየት ስሄድ በምን ላይ ላተኩር? (ኃ. መ.፣ ከማንቸስተር)

መልስ፦ ማስታወቂያው የዘረዘራቸው አራት ነገሮች ለዓይንም ለጆሮም ደስ የሚሉ ቢሆኑም፣ በዚህ መኪና ላይ የገዢን ገንዘብ የሚበላው ነገር ከአራቱ በአንዱም ውስጥ አልተጠቀሰም። የኮርኒሽን እውነተኛ ዋጋ የሚወስኑት በዘይት ግፊት የሚሠራው የሃይድሮሊክ ሥርዓት እና ከሥር ያለው ላሜራ ናቸው፤ ስለ ሁለቱም ሻጩ ትንፍሽ አላሉም። ዘጠኝ ዓመት ሳይነዳ መቆሙን ደግሞ እርሳቸው እንደ መልካም ነገር ቢጽፉትም እኛ የምናነበው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው።

ምክንያቱ እንዲገባዎ መኪናው ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ኮርኒሽ ለገበያ የቀረበው በማርች 1971 ሲሆን፣ ኩባንያው በአውሮፕላን ሞተር ሥራ በገባበት ዕዳ ምክንያት ከከሰረ ገና አንድ ወር መሆኑ ነበር። ስሙ በኒስ እና በሞናኮ መካከል ገደሉን ተከትለው ከሚሄዱት የባሕር ዳርቻ መንገዶች የተወሰደ ነው፤ መኪናውም የታሰበው ለእንዲህ ያለ ረጅምና የተዝናና ጉዞ ነው። ከሥር ያለው ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን እና መሪ ግን ከ1965 ጀምሮ በብዛት ከተመረተው የኩባንያው ባለ አራት በር መኪና፣ ከሲልቨር ሻዶ፣ የመጣ ሲሆን፣ የላይኛው አካል ለንደን ውስጥ ዊልስደን በነበረው የመሊነር ፓርክ ዋርድ ፋብሪካ በእጅ የተሠራ ነው። ይህ ልዩነት ለገዢ ትልቅ ትርጉም አለው። የሞተርና የፍሬን ዕቃ ከሻዶ ጋር የሚጋራ ስለሆነ ዛሬም ሳይቸገሩ ያገኙታል፤ የአካሉን፣ የሸራውን እና የማስጌጫውን ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ ማሠራት እንጂ ገዝቶ መግጠም አይቻልም።

ወደ ሃይድሮሊኩ እንምጣ። የመኪናው ፍሬን እንደ ተራ መኪና በእግር ጉልበት ብቻ የሚሠራ አይደለም። በሞተሩ ኃይል የሚነዱ ሁለት ፓምፖች ዘይቱን በከፍተኛ ግፊት ይገፉታል፤ ግፊቱም ከሞተሩ ጎን በተገጠሙ፣ በናይትሮጅን ጋዝ በተሞሉ ሁለት የብረት ሉሎች ውስጥ ይጠራቀማል። ከሲትሮኤን በፈቃድ የተወሰደው ይኸው ሥርዓት ከኋላ ጭነት ሲበዛ የመኪናውን ከፍታ መልሶ ያስተካክላል። ሲሠራ እጅግ የሚደነቅ ነገር ነው። ነገር ግን የጎማ ቱቦዎቹና ጎሚኒዎቹ በዕድሜ ይደርቃሉ፤ በ1974ቱ መኪና ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበትን ከአየር ስለሚስብ፣ መኪናው ቆሞ በከረመ ቁጥር የብረት ክፍሎቹን ከውስጥ ያዝጋል። በየሳምንቱ የሚነዳና ዘይቱ በጊዜው የሚቀየርለት 90,000 ማይል የሄደ ኮርኒሽ፣ ዘጠኝ ዓመት ከቆመ ባለ 41,000 ማይል መኪና ይልቅ ጤነኛ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

በቦታው ሆነው ራስዎ የሚያደርጉት ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩ ተነስቶ ለጥቂት ደቂቃዎች ይሥራ፤ በክሩስኮቱ ላይ ያሉት ሁለቱ የፍሬን ግፊት መብራቶች መጥፋት አለባቸው። ከዚያ ሞተሩን ያጥፉና ቁልፉን እንደገና ያዙሩ፤ ሞተሩን ግን አያስነሱ። የፍሬኑን ፔዳል ሙሉ በሙሉ እየረገጡና እየለቀቁ ይቁጠሩ። ሉሎቹ ደህና ከሆኑ በርካታ አሥር ጊዜ ረግጠውም መብራቱ ላይበራ ይችላል፤ አሥር ሳይሞላ ከበራ ግን በሉሎቹ ውስጥ ያለው ጋዝ አልቋል ማለት ነው። ሻጩ «ይህ የዚህ ዓይነት መኪና ጠባይ ነው» ቢሉዎት አይቀበሉ። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ነጻ ላይ ሆኖ፣ ሁለት ሰዎች ከኋላ ይቀመጡ፤ መኪናው ዝቅ ካለ በኋላ ቀስ ብሎ ወደ ቀድሞ ከፍታው መመለስ አለበት። በመጨረሻም ከአራቱ ጎማዎች በስተጀርባ በባትሪ መብራት እየታገዙ የጎማ ቱቦዎቹን ይመልከቱ፤ የተሰነጣጠቀ ወይም የረጠበ ቱቦ ካዩ ቀሪዎቹም ተመሳሳይ ዕድሜ እንዳላቸው ይወቁ። ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ ማደስ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ መቼና በማን እንደታደሰ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልታደሰ ቆጥረው ይደራደሩ። «ደረሰኙ ቤት ውስጥ የሆነ ቦታ አለ» የሚባለው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ስለ ሞተሩ ብዙ አንጨነቅም። 6.75 ሊትር የሆነው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ ከጄኔራል ሞተርስ ከተገዛው ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር፣ በአግባቡ ከተያዘ ረጅም ዕድሜ አለው። የሚያስፈራው አንድ ነገር ነው። የሞተሩ አካል አልሙኒየም ሲሆን፣ ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ካሚቻዎች ግን ለብቻቸው የሚገቡ የብረት ክፍሎች ናቸው፤ ዙሪያቸውንም የማቀዝቀዣው ውኃ ይከባቸዋል። አንቲፍሪዙ ለዓመታት ሳይቀየር ከቀረ ዝገት ይፈጠራል፤ የካሚቻዎቹ ጎሚኒዎችም ማፍሰስ ይጀምራሉ። ሠሪዎቹ ይህን ለማሳወቅ በሞተሩ ሁለት ጎኖች ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ትተዋል። ከቀዳዳዎቹ ሥር ነጭ ወይም አረንጓዴ የደረቀ የውኃ መስመር፣ ወይም የዘይት ርጥበት ካዩ፣ ሞተሩ መፈታት እንዳለበት ምልክት ነውና ቢቻል ሌላ መኪና ይፈልጉ። ስለ ነዳጅ ካነሣን፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ከ20 ሊትር በላይ መፍጀቱ የታወቀ ነው። በብሪታንያ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን 10 በመቶ ኤታኖል የሚቀላቀልበት ስለሆነ፣ የቆዩ የጎማ ቱቦዎችን እንዳይጎዳ 5 በመቶ የያዘውንና ዋጋው ከፍ ያለውን ቤንዚን ይጠቀሙ።

ላሜራው ላይ ሲደርሱ መኪናው በክሪክ ወይም በጋራዥ ማንሻ ካልተነሳ በቀር አይወስኑ። ጣሪያ ያለው መኪና ጥንካሬውን በከፊል የሚያገኘው ከጣሪያው ነው፤ ተከፋቹ ኮርኒሽ ግን ይህን ሁሉ የሚሸከመው በበሮቹ ሥር ባሉት ረጃጅም የጎን ምሰሶዎችና በወለሉ ነው። እነዚህ ምሰሶዎች ከዛጉ ችግሩ የመልክ ሳይሆን የመኪናው አጥንት ነው። አንድ በር ከፍተው ሲዘጉት ወደ ላይ ማንሳት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ወይም በበሩና በኋለኛው አካል መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ፣ አካሉ መጉበጥ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ የኋላ ጎማ ቅስቶችን፣ ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎች፣ የፊት ፓራፋንጎዎችን የታችኛ ጫፍ እና በዕቃ መጫኛው ውስጥ ከምንጣፉ ሥር ያለውን ወለል ይፈትሹ። በጎኑ ያለው የሚያብረቀርቅ የብረት ጠርዝም ከኋላው ውኃ ስለሚይዝ ይጠረጠራል።

ሸራውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያስከፍቱና ያስዘጉ፤ ተራ ጨርቅ ሳይሆን ከውስጥ በሱፍ የተለበጠ፣ ንብርብር ያለው፣ በእጅ የተሰፋ ሥራ ነው። እርጥብ የሚሸት ምንጣፍ ካገኙ ውኃው ወለሉን ከላይ ወደ ታች እየበላው እንዳይሆን ይስጉ። ስለ ቆዳውና ስለ እንጨቱ ብዙ አንልም፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ይታደሳል፣ የደበዘዘ እንጨትም ይወለወላል። ሁለቱም በግልጽ የሚታዩ ስለሆኑ ማንም ሊያታልልዎ አይችልም።

ጥያቄ፦ ወዳጄ «ማግኔት ይዘህ ሂድ፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው» ብሎኝ ነበር። ያየሁት ኮርኒሽ ላይ ማግኔቱ በሁለቱም በሮች፣ በኮፈኑና በዕቃ መጫኛው ክዳን ላይ አልያዘም። መኪናው በሙሉ በስቱኮ፣ ማለትም የላሜራን ጉድለት ለመሙላት በሚቀባው ሊጥ፣ የተሸፈነ ነው ማለት ነው? (ተ. ገ.፣ ከሊድስ)

መልስ፦ አይደለም፤ በሮቹ፣ ኮፈኑና የዕቃ መጫኛው ክዳን ሲሠሩም አልሙኒየም ናቸው፤ ማግኔት ሊይዝባቸው አይገባም። እንዲያውም ከያዘባቸው ነው መጠርጠር ያለብዎት። የወዳጅዎ ምክር የሚሠራው በቀሪው የብረት አካል ላይ ነው፤ በተለይም ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ባለው ቅስትና በጎን ምሰሶዎቹ ላይ ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ቢያስኬዱት ብዙ ይነግርዎታል። በበሮቹ የታችኛ ጠርዝ ግን ቀለሙ አረፋ መስሎ ተነስቶ እንደሆነ በጣትዎ ይዳስሱ፤ አልሙኒየም ከብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ እርጥበት ሲገባ አልሙኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል።

ጥያቄ፦ ሁለት መኪኖች አማርጫለሁ። አንደኛው በቤንትሊ ስም የተሠራ ሲሆን ዋጋው በጣም ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው ሮልስ ሮይስ ሲሆን ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አንድ መካኒክ «ይህ መጀመሪያ ጣሪያ ያለው ኩፔ ነበር፤ ኋላ ተቆርጦ ነው የተከፈተው» ብሎኛል። እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ? (ዳ. አ.፣ ከለንደን)

መልስ፦ በሚገባ አለ። ባለ ሁለት በሩ ኩፔ እስከ 1980ዎቹ መግቢያ ድረስ ከተከፋቹ ጎን ለጎን ይሠራ ነበር፤ ምርቱ እስከ 1995 የቀጠለው የተከፋቹ ነው። ተከፋቹ ሁልጊዜም በዋጋ ስለሚበልጥ፣ አንዳንድ ኩፔዎች ከፋብሪካ ውጭ ጣሪያቸው ተቆርጦ ሸራ ለብሰዋል። ፋብሪካው የተከፋቹን ወለልና የጎን ምሰሶ ከመጀመሪያው አጠናክሮ የሠራው ሲሆን፣ ቆራጮቹ ያንን ሁሉ ስለማድረጋቸው ምንም ማረጋገጫ የለም። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለ መኪና በግማሽ ዋጋም አይገዛም።

ማረጋገጫው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። በ1970ዎቹ በተሠሩት መኪኖች ላይ ከቁጥሩ በፊት ሦስት የላቲን ፊደላት ይገኛሉ። የመጀመሪያው ፊደል የአካሉን ዓይነት ይነግራል፤ «ዲ» ከሆነ ተከፋች፣ «ሲ» ከሆነ ኩፔ ነው። ሁለተኛው ስሙን ያሳያል፤ «አር» ሮልስ ሮይስ፣ «ቢ» ቤንትሊ ነው። ሦስተኛው «ኤች» ከሆነ መሪው በቀኝ የሆነ፣ «ኤክስ» ከሆነ ደግሞ ለውጭ ገበያ መሪው በግራ የተደረገ ነው። ስለዚህ ጣሪያው የሚከፈት ሆኖ ፊደሉ በ«ሲ» የሚጀምር መኪና ቢያጋጥምዎ፣ መካኒኩ ልክ ናቸው። ፊደሉን ያዩበት ሳህን በሻንሲው ላይ ካለውና በሰነዱ ላይ ከተጻፈው ጋር መመሳሰሉንም ያረጋግጡ።

ቤንትሊውን በተመለከተ፣ ሁለቱ መኪኖች በሜካኒክ ረገድ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በፊት ለፊቱ ፍርግርግ፣ በኮፈኑ ቅርፅና በዓርማዎቹ ነው። በቤንትሊ ስም የተሠሩት ከሮልስ ሮይሶቹ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ሰብሳቢዎች ተጨማሪ ይከፍሉባቸዋል። ከ1984 ጀምሮ የቤንትሊው ስም ወደ ኮንቲኔንታል ተቀይሯል። ፍርግርግና ኮፈን መቀያየር ስለሚቻል እዚህም ላይ ሁለተኛውን ፊደል ሳያዩ የብርቅነት ዋጋ አይክፈሉ። ለመንዳት ብቻ የሚፈልጉት ከሆነ ግን ልዩነቱን ገንዘብ ለፍሬንና ለላሜራ ቢያስቀምጡት እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ ከግለሰብ፣ ከነጋዴ ወይስ ከጨረታ መግዛት ይሻላል? መኪናው ከ40 ዓመት በላይ ስለሆነ ግብርም ምርመራም የለበትም መባሉስ እውነት ነው? (ሰ. ወ.፣ ከብሪስቶል)

መልስ፦ ሦስቱም መንገዶች ይሠራሉ፤ የሚለያየው ችግር ሲመጣ ማን ይሸከመዋል የሚለው ነው። ከነጋዴ ሲገዙ በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ይጠብቅዎታል፤ መኪናው ሲረከቡት ጉድለት የነበረበት ሆኖ ከተገኘ በ30 ቀናት ውስጥ መልሰው ገንዘብዎን መጠየቅ ይችላሉ። ከግለሰብ ከገዙ ግን መኪናው ከተገለጸው ጋር መመሳሰሉንና ሻጩ የመሸጥ መብት ያላቸው መሆኑን ከመጠየቅ ያለፈ መብት የለዎትም፤ ስለሆነም ማስታወቂያውን አትመው ያስቀምጡ። ሰዎች በአካል ሊገኙበት በሚችሉት ጨረታ የሚሸጥ ያገለገለ ዕቃ አብዛኛውን የሸማች ጥበቃ አያገኝም። በጨረታ ላይ የሚጠራው ዋጋም የመጨረሻው አይደለም፤ የገዢ ኮሚሽን ይጨመርበታል፣ በኮሚሽኑም ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ለምሳሌ በ50,000 ፓውንድ ቢያሸንፉና ኮሚሽኑ 15 በመቶ ቢሆን፣ ከኪስዎ የሚወጣው 59,000 ፓውንድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው በዚህ መኪና ላይ ልምድ ካለው ነጋዴ ጥቂት አስወድዶም ቢገዛ እንመክራለን።

ስለ ግብርና ስለ ምርመራ የነገሩዎት ነገር በመሠረቱ እውነት ነው፤ ግብሩ ግን ያለ ማመልከቻ አይቀርም። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ መኪና «ታሪካዊ» ተብሎ ሲመዘገብ ዓመታዊ ግብሩ ዜሮ ይሆናል፤ ቢሆንም በየዓመቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው። በዚህ ምድብ የተመዘገበ መኪና የለንደንን የአየር ብክለት ክፍያም አይከፍልም። ከሜይ 2018 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ መኪና ኤም.ኦ.ቲ. የሚባለው ዓመታዊ የመንገድ ብቁነት ምርመራ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፤ መኪናው ባለፉት 30 ዓመታት ውስጥ ከፍተኛ ለውጥ ተደርጎበት ከሆነ ግን ነጻ አይሆንም። ምርመራው ይቅር ቢባልም መኪናው ለመንገድ ብቁ የመሆን ግዴታው በባለቤቱ ላይ ይቀራል፤ በዚህ ክብደትና በዚህ ፍሬን ለሚሄድ መኪና በፈቃድዎ በየዓመቱ ቢያስመረምሩት መልካም ነው። የቀድሞ የምርመራ ውጤቶች በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በታርጋ ቁጥር በነጻ ስለሚታዩ፣ የተጻፈው ማይል በየዓመቱ ሲያድግ መምጣቱን ከዚያ ያመሳክሩ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በብሪታንያ ቪ5ሲ የሚባለው የመኪናው ሊብሬ የተመዘገበውን ያዥ እንጂ ባለቤቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ የግዢ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ መኪናው የብድር ዕዳ እንዳለበትም አነስተኛ ክፍያ ከፍለው ያጣሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። በ1983 የተሠራ ኮርኒሽ ትቶልኛል፤ እየነዳሁት ባልኖርም በየወሩ ይነሳል። ልጆቼ «ሙሉ ቀለም አስቀቢውና ዋጋው ይጨምራል» ይሉኛል። ምን ላድርግ? (አንዲት እናት፣ ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር፤ ለእርስዎም መጽናናትን እንመኛለን። ቀለሙን አያስነኩት። ለሽያጭ ሲባል አዲስ የተቀባ የቆየ መኪና ገዢን ከማስደሰት ይልቅ «ከሥሩ ምን ተደብቆ ይሆን?» ያሰኛል፤ የደበዘዘ የመጀመሪያ ቀለም ግን ስለ ሐቀኝነቱ ራሱ ይመሰክራል። ለቀለም ሊያወጡት ካሰቡት ገንዘብ ጥቂቱን ለሚያውቅ መካኒክ ከፍለው የፍሬን ግፊቱ እንዲፈተሽና ዘይቱ እንዲቀየር ያድርጉ፤ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። እዚህ ላይ መካኒኩን አጥብቀው ያስጠንቅቁ፦ የእርስዎ መኪና የሚጠቀመው አረንጓዴውን የማዕድን ዘይት ነው፤ ከላይ የጠቀስነው የ1974ቱ መኪና ደግሞ የተለየ የፍሬን ዘይት ነው የሚጠቀመው። አንዱ በሌላው ቦታ ቢፈስ፣ መጠኑ ትንሽም ቢሆን፣ ጎሚኒዎቹን በሙሉ ያበላሻል። በማጠራቀሚያው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ ይናገራል።

ባለቤትዎ ያስቀመጧቸውን ወረቀቶች ሁሉ ይሰብስቡ፤ የጥገና ደብተሩ፣ የድሮ ደረሰኞች፣ የቀድሞ ምርመራ ወረቀቶች፣ ሁለተኛው ቁልፍ እና የመፍቻዎቹ ሣጥን ከቀለም የበለጠ ዋጋ ያመጣሉ። በ1957 የተመሠረተው የሮልስ ሮይስ ወዳጆች ክለብ፣ ኖርዝሃምፕተንሸር ውስጥ ፖለርስፐሪ በሚገኘው ሀንት ሃውስ፣ መኪኖቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የተያዘላቸውን መዝገብ ማግኘት የሚቻልበት ቦታ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ቀለምና የቆዳ ዓይነት ስለሚገኝ፣ ገዢው መኪናው ያልተለወጠ መሆኑን በዓይኑ ያያል። የግል መኪና በብሪታንያ ከካፒታል ትርፍ ግብር ነጻ ስለሆነ በሽያጩ ላይ ስለዚህ አያስቡ።

ገዢ ሊያይ በሚመጣበት ቀን ሞተሩን አስቀድመው አያስነሱት። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን በኮፈኑ ላይ አሳርፎ ሙቀቱን መለካት ነው፤ ሞቆ ካገኘው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ የሚሰማ ነገር ተደብቆብኛል ብሎ ይጠረጥራል። ሙሉውን ክፍያ በባንክ ሒሳብዎ ገብቶ ሳያረጋግጡም ቁልፉንና ሊብሬውን ከእጅዎ አያውጡ።